ማኅበር የሌለው ሙያ፣ ሙያ የሌለው ማኅበር

ስለ ባለሙያዎች ማኅበር ሲነሳ የተማረው ወገን ወዲያው የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ያስባል፤ ሹሙ ደግሞ «ተደራጁ» ብሎ ለወጣቶች የሚያድለውን ማኅተም። ሁለቱም አዋሽ ሰባት ኪሎ መንገድ ዳር ከከባድ መኪና ሥር የተኙትን መካኒኮች አያዩም።

በአውሮፓ ጊልድ ይባል የነበረው ማኅበር ሁለት ፊት ነበረው። በአንዱ ተለማማጅ ያሠለጥናል፣ የሥራን ጥራት ይቆጣጠራል፣ የሞተ አባሉን ቀብሮ ቤተሰቡን ይረዳል። በሌላው በር ይዘጋል፣ ዋጋ ይወስናል፣ ያልተመዘገበውን ያባርራል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ያወገዘው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፈረንሳይ ግን በ1791 ክፉውንም ደጉንም አንድ ላይ አገደች፤ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የተፈቀደው በ1884 ነው።

አዋሽን ከተማ ያደረጋት የፈረንሳይ ገንዘብ የዘረጋው ሐዲድ መሆኑን ልብ ይሏል። የዚያ ሐዲድ ሠራተኞች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን አቋቋሙ። በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ ደርግ በ1968 ዓ.ም. አፈረሰውና በኋላ በቦታው የራሱን ተከለ። ማኅበር ከላይ የሚወርድ ነገር ነው የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው በእኔ እምነት ያኔ ነው፤ መንግሥት ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም።

አሮጌው ባቡር ቆመ። የነጂው፣ የመካኒኩና የሐዲድ ጠጋኙ ሙያም ወራሽ አጣ። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ለዓመታት የመሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ቴክኖሎጂው ሌላ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ሆኖም ሙያን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማኅበር ቢኖር ኖሮ ከዜሮ አንጀምርም ነበር።

ዛሬ በየከተማው ጊልድን የሚመስለው የጫኝና አውራጅ ማኅበር ነው። የራስዎን ዕቃ በራስዎ ትከሻ ቢያወርዱ እንኳ ክፈሉ የሚሉ አሉ። ክልሉን አጥሯል፣ ዋጋውን ወስኗል፤ የሚያስተምረው ሙያ ግን የለም፤ ለተሰበረውም ዕቃ ኃላፊነት የሚወስድ አይገኝም። (ጉልበታቸውን እየሸጡ የሚያድሩትን ሰዎች መንቀፌ አይደለም፤ ጥያቄዬ አጥሩን ላጠረላቸው ነው።) በተቃራኒው ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለው ጎሚስታ፣ በያጅና መካኒክ በዚያ ሐሩር ልጅ ያስተምራል፤ ልጁን ባለሙያ ያደርጋል፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም። የብቃት ምዘናው ሲወጣ አይጠየቅም። ተለማማጁ ክሪክ ከድቶት እጁ ቢቀጠቀጥ፣ ጓደኞቹ ከሚያዋጡለት በቀር ተስፋ የለውም።

ሕግ አለ ይሉኛል። አዎን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ10 በታች ሠራተኛ ባለባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። ነገር ግን አዋጁ የአሠሪና ሠራተኛ ነው፤ የራሱ አሠሪ የሆነውን ባለጋራዥ አያውቀውም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ደግሞ ሌላ ነው። ነገ ከደጋ የመጡት ባለሙያዎች ማኅበር አቋቁመው በሩን ቢዘጉ፣ የአፋሩ አርብቶ አደር ልጅ በገዛ አገሩ ውጭ ይቀራል። ነገሩን ገልብጠን «ለተወላጅ ብቻ» ብንል ደግሞ አስተማሪውን እናባርራለን፤ ልጁ ከማን ይማር? አፋር በዕድሜ እኩዮች የሚደራጅበትና የሚረዳዳበት ፊማ የተባለ ሥርዓት አለው፤ ስለ መደራጀት የሚያስተምረው አያሻውም። የሚያሻው መፍቻ የሚያስጨብጠው ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ይመሥረት፤ መሥራቾቹ ባለሙያዎቹ ይሁኑ። እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ የአካባቢውን ልጅ በጽሑፍ ውል ይዞ ያስተምር፣ ለተጎዳ መረዳጃ ያዋጣ፣ በምዘናው ላይ ወንበር ይሰጠው። ገበያውን የመዝጋት ሥልጣን ግን በምንም መልኩ አይሰጠው። ሹሙም ማኅተሙን ከማደሉ በፊት አንድ ቀን አዋሽ ወርዶ፣ ከተዘረጋው ካርቶን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ከመኪናው ሥር ያለውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ይጠይቀው።