ቢተርህን ማን መረጠልህ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ድራመር አዲሱን ሲምባሉን ሊያሳየኝ ቤት ድረስ መጣ። ስንት ወር አጠራቅሞ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምኖ ያስመጣው ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ ሰማሁት፤ ያምራል። "ቢተርህስ ምን ዓይነት ነው?" ስለው ግን ግራ ገባው።

"ጋሼ፣ ከፔዳሉ ጋር የመጣው ነዋ!"

አልፈረድኩበትም። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ ከካርቶኑ በወጣው ነው የመታሁት። ዱላ ስንገዛ በመዳፋችን እየመዘንን፣ ጠረጴዛ ላይ እያንከባለልን፣ መጣመም አለመጣመሙን አይተን ነው። በአንድ ምሽት ሺህ ጊዜ ቆዳ የሚደበድበውን፣ የኪኩን ድምፅ የሚወልደውን ነገር ግን ጎንበስ ብለን እንኳ አይተነው አናውቅም። ከሙያው ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች፣ ቢተር ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ፊት ተወርውሮ ትልቁን ከበሮ፣ ማለትም ኪኩን፣ የሚመታው፣ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካው ራስ ነው። የሎሚ ያህል፣ ቢበዛ የትንሽ ብርቱካን ያህል።

ድሮ፣ ፔዳል ሳይለመድ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ድራመር ሁለቱንም ከበሮ በእጁ ነበር የሚመታው፤ ዱላውን ከትንሹ ከበሮ፣ ከስኔሩ፣ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ስኔሩ እያመላለሰ። ዊሊያም ሉድዊግ የተባለው የቺካጎ ድራመር በዘመኑ የነበሩት ፔዳሎች ለራግታይም ሙዚቃ ፍጥነት አልደርስ ቢሉት የራሱን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ከወንድሙ ከቴዎባልድ ጋር ሆኖም ኩባንያ አቋቋመ። ዊሊያም በ1937 ያወጣው ስፒድ ኪንግ የተባለው ፔዳል በኋላ የሮክ ቡድኑ የሌድ ዜፕሊን ድራመር የጆን ቦናም እግር ሥር ገባ። ቡድኑ በ1970 ባወጣው ሦስተኛ አልበም ላይ አንዱን የብሉዝ ዘፈን በጥሩ ማዳመጫ ብትሰሙ ፔዳሉ ሲንቋቋ ይሰማችኋል። ያን ያህል ገንዘብ በፈሰሰበት ቀረጻ ውስጥ አንድ ጠብታ ዘይት የሚያስብ ሰው ጠፋ! እኔን ግን ያጽናናኛል። ከእግር በታች ያለውን ነገር የምንዘነጋው እኛ ብቻ አይደለንም።

የሚመታው ነገር ሲለወጥ ድምፁም መለወጡ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ማኅሌት ላይ ከበሮውን የያዘው ዲያቆን በመዳፉ ሲያሳርፍና በጣቶቹ ጫፍ ሲነካው አንድ ድምፅ አይወጣም። ነጋሪት ደግሞ በእንጨት ነው የሚጎሰመው፤ ከሩቅ እንዲሰማ የተፈለገ አዋጅ በመዳፍ አይነገርም። ለስላሳ ነገር ቆዳው ላይ ለቅጽበት ያህል ይቆያል፤ በመቆየቱም ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። ጠንካራው ነክቶ ይመለሳል፣ ሹሉም ድምፅ ሳይታፈን ያመልጣል። ስለዚህ የበግ ፀጉር የለበሰው የጥንቱ ቢተር "ቡፍ" ይላል። ፌልት፣ ያ ባርኔጣ የሚሠራበት ዓይነት የተጨመቀ ሱፍ፣ "ዱም" ይላል። ፕላስቲክና እንጨት ከ"ዱም" በፊት "ጠቅ" ያስቀድማሉ።

"ጠቅ"ን የሚወዱ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ቤዝ ጊታሩና ኪቦርዱ ታችኛውን ድምፅ ሲሞሉት ኪኩ እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ ሹል ጫፍ ያለው ግን ብቅ ይላል። ሄቪ ሜታል የሚጫወቱት ቆዳው ላይ ሳንቲም በፕላስተር እስከመለጠፍ የደረሱት ለዚህ ነው።

እኔ ግን አንድ ሠርግ ላይ በዚሁ "ጠቅ" ተቀጥቻለሁ። ፔዳሌ ካቴናው ተበጥሶ ከጓደኛዬ ተዋስኩ፤ ቢተሩ እንጨት ነው። ወንበሬ ላይ ሆኜ ስሰማው ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ። እያንዳንዱ ምት እንደ ጥይት! ወዲያው ጎበዝ ነጋዴ አፈላልጌ የራሴን የእንጨት ቢተር ለመግዛት ስወስን፣ በእረፍት ሰዓት ሳውንድ ማኑ መጣና በትሕትና ጎንበስ ብሎ "ጋሽዬ፣ ከውጭ በር የሚያንኳኳ ሰው ያለ ነው የሚመስለው" አለኝ። ማይኩ ከበሮው ሆድ ውስጥ፣ ቆዳው አጠገብ ተቀምጦ ያን "ጠቅ" እያጎላ አዳራሹ ላይ ሲበትነው ነበር። እኔ የምሰማውና እንግዳው የሚሰማው ሌላ ሌላ። ያም ሆኖ ቢተሩን ከመግዛት አላዳነኝም። ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ የሰማውን ነው የሚያምነው።

የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ። ችክችካው ሲገባ፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው ሳይቋረጥ ሲቀጣጠል፣ ባቴ ድንጋይ ሆነ። ያ ቢተር ከለመድኩት በጣም ይከብድ ነበር። ከባድ ራስ በአንድ ምት ወፍራም ድምፅ ይሰጣችኋል፤ ሞላው ግን ወደ ኋላ ለመመለስ ይዘገያል፣ እግራችሁም ይጠብቀዋል። ለሮክ ይሁን። የስድስት ስምንተኛን ምት ለአርባ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ለሚረግጥ የሠርግ ድራመር ግን ዕዳ ነው። መጀመሪያ የሚበላሸው ድምፁ አይደለም፣ ምቱ ነው፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዞር ብሎ ሲያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼን የሚያናድድ አቋም ይዣለሁ። ሁሉም "እንጨት ይሻላል ወይስ ፌልት?" ሲል እኔ "ስንት ይመዝናል?" እላለሁ። ድምፅ መላ አለው። ከበሮው ውስጥ ትራስ ይገባል፣ ቢተሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ልጣፍ ይደረጋል፣ ቆዳው ይጠብቃል ወይ ይላላል፣ የቀረውን ሳውንድ ማኑ ያስተካክለዋል። ለደከመ እግር ግን ማንም የሚያዞርለት ቁልፍ የለም። እግር ይምረጥ፣ ጆሮ ከዚያ ቀጥሎ ይፍረድ። ሱቅ ውስጥ ሦስቴ ረግጦ መግዛት ደግሞ ጫማን ቁጭ ብሎ ለክቶ እንደመግዛት ነው። አሥር ደቂቃ ሳታቆሙ ርገጡት፤ ባለ ሱቁ ይቆጣ።

ለነገሩ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን ፈትሹት። ፌልት አንድ ቦታ ብቻ ሲመታ ይጠፈጠፍና እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ቡሎኑን ላላ አድርጋችሁ ሩብ ዙር ብታዞሩት አዲስ ገጽ ታገኛላችሁ። ዘንጉን ወደ ላይ ብታወጡት ምቱ ይከብዳል፣ ወደ ታች ብታወርዱት ይፈጥናል፤ አንድ ጣት የማይሞላ ለውጥ እግር ላይ ይታወቃል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ቢተር ካላችሁ ደግሞ ቆዳው ላይ በጠርዙ ሳይሆን በሙሉ ፊቱ ማረፉን በእጃችሁ ገፍታችሁ እዩ። በጠርዝ የሚያርፍ ፌልትም ቢሆን ቆዳ ይበሳል። ክቡ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለዚያም ነው ለጀማሪ እሱን የምመክረው።

ለወጣቱ ቀለል ያለች ክብ የፌልት ቢተር ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ካርቶን ያመጣለትን እኔ ጋ ትቶ ሄደ። ያን ጊዜ የገዛሁትን የእንጨቱን ቢተር ልስጠው ብዬ ፈልጌው ነበር፤ ለልምምድ እንኳ ይሁነው በሚል። ባለቤቴ ከኩሽና አምጥታ አሳየችኝ። ዘንጉን እንደ እጀታ ይዛ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች፤ ክብደቱን ትወደዋለች።