«አይገባህም» የሚለው ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም

ክቡራንና ክቡራት የሰፈራችን ነዋሪዎች፦

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የመዋጮና የስብሰባ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ አንድ ደብዳቤ አስተያየቴን ለመስጠት እወዳለሁ። እሱም ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሚመጣው፣ «የዲስኤቢሊቲ ገንዘብ አይገባህም» የሚለው ደብዳቤ ነው።

ከመካከላችን ለዓመታት ሆቴል ያጸዳ፣ ታክሲ የነዳ፣ በኤርፖርት ጋሪ የገፋ፣ በመኪና ማቆሚያ ቆሞ ያደረ አለ። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ወይም ኩላሊቱ ሲደክምበት ያመለክታል፣ ይከለከላል። ከዚያስ? «ከመንግሥት ጋር ምን ያከራክረኛል» ብሎ ይተወዋል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይኸ አይፈረድብንም። እዚህ አገር ግን በዚህ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይከሰሳል፤ መክሰስንም የፈቀደው ሕጉ ራሱ ነው።

አንደኛ፣ ይኸ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከ100 ዶላር ደሞዙ 6 ዶላር ከ20 ሳንቲም ለሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥበታል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይከፍላል። ታክሲ ነጂው ደግሞ የራሱ አሠሪ ስለሆነ ሁለቱንም ድርሻ እሱው ይከፍላል። ታዲያ የከፈልነውን ዋስትና ስንታመም ብንጠይቅ ምን ነውር አለው? በቂ ዓመት ሳይሠሩ ለታመሙ ችግረኞች የተመደበው ሌላው ድጎማም ቢሆን የይግባኙ መንገድ ያው ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱን እንወቀው። ደብዳቤው ሲመጣ መጀመሪያ ጉዳዩ በድጋሚ እንዲታይ ይጠየቃል። ያ ካልሆነ የመሥሪያ ቤቱ ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገር አለ። ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት የሚባለው አለ። እሱም እምቢ ካለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በየደረጃው የተሰጠን ጊዜ 60 ቀን ሲሆን፣ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በ5ኛው ቀን እንደደረሰን ይቆጠራል። ስለዚህ ፖስታው እንደደረሰ ቀኑን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

አንዳንዱ ሰው «ይግባኙ ይቅርብኝ፣ እንደገና አመለክታለሁ» ይላል። ይኸ አይበጅም። አዲስ ማመልከቻ ያለፉትን ወራት ክፍያ ሊያስቀር ይችላል። ሥራ ካቆሙ ዓመታት ካለፉም ጭራሹኑ ከዋስትናው ውጪ ሊያደርግ ይችላል።

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ቆሞ መመስከርን ነው። እዚያ ግን ምስክር አይሰማም፤ የሚታየው ቀድሞ የተከማቸው መዝገብ ነው። ተከሳሹ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚሽነር ነው። የፍርድ ቤቱ ዳኛ የሚመረምረው የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን፣ ውሳኔውም በበቂ ማስረጃ መደገፍ አለመደገፉን ነው። እንዲያውም የሐኪም ወረቀቱ ሁሉ ከታች፣ በመሥሪያ ቤቱ ዳኛ ፊት ሳለን መግባት ያለበት ለዚህ ነው፤ በኋላ ይዞ መሮጥ ብዙ አይጠቅምም። በዚያ ችሎት አስተርጓሚ በነጻ ይመደባል፤ የአሥር ዓመት ልጃችንን ስለ በሽታችን እንዲያስተረጉም ማስጨነቅ የለብንም።

ለእኛ ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ጉዳያችን የሚታየው በሜሪላንዱ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም በባልቲሞርና በግሪንቤልት ያስችላል። የመክፈቻው ዋጋ 405 ዶላር ሲሆን፣ የማይችል ሰው በነጻ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ጠበቆችም ብዙውን ጊዜ ካልረቱ የጥብቅና ዋጋ አይጠይቁም። ቢረቱም በፍርድ ቤት ለሠሩት ከውዝፉ ክፍያ ከ100 እጅ 25 እጅ በላይ እንዳይወስዱ ሕጉ ይከለክላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ፍርድ ቤት መሄድ ረዥም ነገር ነው። የረታ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ወዲያው አያገኝም፤ ፋይሉ እንደገና እንዲታይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ይኖራል። ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞች ከዚህ ገንዘብ ሲሰረዙ፣ ብዙዎች ዝም አላሉም፤ በየፍርድ ቤቱ ተሟገቱ። በ1984 ሕጉ ተሻሻለ። በኒውዮርክም የአእምሮ ሕመምተኞች በድብቅ አሠራር እንደተከለከሉ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አሠራሩ ተደብቆባቸው ስለነበር 60 ቀን አለፋችሁ ተብለው እንዳይመለሱ በአንድ ድምፅ ወሰነ። እነዚያ ሰዎች ከእኛ የበለጠ ጉልበት አልነበራቸውም። (ቀን ያሳለፈ ሁሉ ይማራል ማለት ግን አይደለም፤ እኛ ቀናችንን እንጠብቅ።)

በበኩሌ የማሳስበው ይኸን ነው። እንግሊዝኛ የምታነቡ ወጣቶች፣ የጎረቤታችሁን እናትና አባት «ደብዳቤ መጥቶብዎታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም ቁጠሩላቸው። ማኅበራችን ጠበቃ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ይችላል። ለቅሶ ላይ ተሯሩጠን እንደርሳለን አይደል? ሰው በሕይወት ሳለ፣ ለመብቱ ሲቆም አብሮ መቆምም ያው ዕድርተኝነት ነው።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይሉ ነበር አባቶቻችን። መሳቢያችሁን ክፈቱና ቀኑን እዩት።

የማኅበሩ ጸሐፊ