የተፋሰስ ትምህርትና እንጀራው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለንም። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችንም ቢይዙት ይጠቅማቸዋል፤ ሀብት በደጁ እያለፈ ሳይጠቀምበት ለቀረ ሰው የሚነገር ነውና። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው፥ የዓባይ ልጅ እንዳይጠማ የሚረዳውን ትምህርትና ለተማረው ሰው የሚያስገኘውን ሥራ ነው።

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ የተፋሰስ ሃይድሮሎጂ ይባላል። «ተፋሰስ» የሚለው ቃል «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይህንኑ ግሥ በትግርኛም እናገኘዋለን። ተፋሰስ ማለት የዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ሐይቅ የሚወርድበት ምድር ሁሉ ነው። ስለዚህ የወንዝ ነገር የሚጀምረው ከላይ ከተራራው ጫፍ፥ ከእርሻውና ከግጦሹ ነው።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሒሳብ ቀላል ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር መሬት ላይ ቢወርድ 10 ሜትር ኩብ፥ ማለት 10,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ከዚህ ውኃ ስንቱ ወደ አፈር ሰረገ? ስንቱ ተነነ? ስንቱስ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ሄደ? ይህን ለመመለስ ሒሳብንና ፊዚክስን፥ የአፈርንና የአለትን ጠባይ፥ የአየርንም ሁኔታ ያጠናል፤ የወንዙን ስፋት፥ ጥልቀትና ፍጥነት እየለካም በሴኮንድ ምን ያህል ውኃ እንደሚያልፍ ማስላት ይማራል።

የትምህርቱን ፍሬ በትግራይ፥ በደጉዓ ተምቤን ወረዳ የሚገኘው ማይ ዘግዘግ የተባለው ተፋሰስ ያሳየናል። «ማይ» በግዕዝም በትግርኛም ውኃ ማለት ነው። የተጠናው ምድር ስፋት 187 ሄክታር ነው። በዚያ ስፍራ የድንጋይ እርከን ተሠራ፤ ቦረቦሩ በክትር ታገደ፤ ኮረብታውም ከከብት ተከለለ። ተመራማሪዎች ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ ውኃውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ቀድሞ ከዝናቡ በመቶ 8 እጅ ያህሉ ጎርፍ ሆኖ ይወርድ የነበረው ወደ 1.6 እጅ ዝቅ አለ። መሻሻሉን ገበሬው በዓይኑ ያየዋል፤ ምን ያህል እንደ ተሻለ በእርግጥ ለመናገር የተቻለው ግን ስለ ተለካ ነው።

ወላጆች «ይህ ትምህርት ምን እንጀራ ያበላል?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፍቶ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ጀምሯል። በዚህ ሞያ የተማረ ሰው በውኃና በግብርና መሥሪያ ቤቶች፥ በመስኖና በኤሌክትሪክ ግድብ ሥራ፥ በከተማ የመጠጥ ውኃ አገልግሎት፥ በአየር ትንበያ ወይም በምርምር ሊቀጠር ይችላል። መንገድ የሚሠራ ድርጅት እንኳ ይፈልገዋል፤ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት በሥሩ የሚያልፈው ታላቁ ጎርፍ መታወቅ አለበትና።

ነገር ግን የእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ እርሱም በእውነት የተጻፈ ልኬት ነው። በወንዙ ዳር የቆመውን የመለኪያ እንጨት ጧትና ማታ እያነበበ ቁጥሩን በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው አለ። ይህ ሰው አንድ ቀን ቢቀር የዚያ ቀን ጎርፍ ዳግመኛ አይለካም። በቤቱ ተቀምጦ በግምት ቢሞላው ደግሞ ከባዶው የባሰ ነው፤ ባዶ መስመር አለማወቅን ይናገራል፥ የሐሰት ቁጥር ግን አዋቂ መስሎ ያሳስታል። ከዓመታት በኋላ መሐንዲሱ በዚያ ቁጥር ተማምኖ ድልድዩን ቢያጠብበው ጎርፍ ይወስደዋል፤ በድልድዩ ላይ የሚሻገሩት ደግሞ ገበያተኞችና ተማሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የሚመርጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን፥ ሞያው በቢሮ ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን ከወዲሁ ይወቁ፤ ጫማ የሚያረጥብና በክረምት ጭቃ የሚያስኬድ ነው። ሹማምንትም የመለኪያ ጣቢያን ወጪ ከትርፍ ነገር አይቍጠሩት፤ የወንዝ ዳር አንባቢውም ደመወዝ በቀኑ ይድረሰው። የትልቁ ግድብ ዕቅድ የሚቆመው በዚህ ሰው ደብተር ላይ ነውና።