በፔዳል ፍጥነት

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ። በብስክሌት፣ እየቆመ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይህ እትም ለዚያ ግማሽ ቀን ነው።

የቡና አበባ ዝናብ ባገኘ በሳምንት በአሥር ቀኑ ይፈነዳል፤ ነጭነቱም ከሁለት ሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። ሽታው ከአበባው ቀድሞ ይደርሳል፤ መስኮት ዘግቶ ለሚበር ሾፌር ግን የለም። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ጉሬዛ ሌላ ፈተና ነው። በዛፍ ጥላ ውስጥ ጥቁሩን ፀጉር ላብራ ሲሉ ነጩ ይቃጠላል። እኔ ነጩን አድኑ ባይ ነኝ፤ ጥቁሩ ቢጨልም ጫካው ራሱ ጨለማ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዳገቱ አያስፈራችሁ። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ግን ቡና ማሳ ውስጥ አትግቡ።