ነፃ የተባለ ሰው “ኮበለለ” ይባላል እንዴ?

ኧረ ለመሆኑ ኮብላይ ማነው? ከፖሊስ እጅ አምልጦ አጥር የዘለለ ከሆነ ይገባናል። ችሎት “ነፃ ነህ፣ ሂድ” ብሎት፣ ሻንጣውን ይዞ በቦሌ በኩል በፓስፖርቱ የወጣ ሰውስ? ከማን ነው የኮበለለው? ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይላል፤ መጥሪያው ሰውየው ድሮ ወደተከራየው ቤት ይሄዳል። እዚያ ሌላ ተከራይ ገብቷል። “አልተገኘም” ተብሎ ይጻፍና በጋዜጣ ይጠራ ይባላል። ዱባይ አስፋልት ላይ የሚንከራተት ሰው አዲስ ዘመን ገልጦ ስሙን ሲፈልግ ይውላል መቼም!

የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎችን ጉዳይ እናንሳ። ሶልያና ሽመልስ በ2006 ዓ.ም. በሽብር የተከሰሰችው በሌለችበት ነው። በጥቅምት 2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከነአቤል ዋበላ ጋር በነፃ አሰናበታት። ዐቃቤ ሕግ አልተዋጠለትም፣ ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 የሁለቱን ነፃ መባል አጸና። ናትናኤል ፈለቀና አጥናፍ ብርሃኔ ግን ከሽብሩ ቢወጡም አመፅ በማነሳሳት ይጠየቁ ተባለ። አያችሁ? በነፃ ወጣሁ ያለ ሰው በይግባኝ ተመልሶ ተከሳሽ ይሆናል! እነሱስ እዚሁ ነበሩ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ባሕር ማዶ ባለ ሰው ላይ ቢወድቅ “የለም፣ እንዲህ አልነበረም” የሚልለት ማነው?

“ታዲያ ገዳይ ጠፋ ተብሎ ፍትሕ ይቅር?” የሚል አይጠፋም። አይቅር! የሥር ዳኛም ይሳሳታል፤ ጉቦ የበላም አይታጣም። ሟች ቤተሰብ አለው። ተከሳሹ እስኪያዝ መዝገቡ ይተኛ ማለትም መፍትሔ አይደለም። ምስክር ይሞታል፣ ሰውየውም እናቱን ለመቅበር እንኳ አገሩ አይገባም።

በ1954 የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ሰውን በሌለበት ለመክሰስ በሩን ያጠበበው በምክንያት ነው፦ ከ12 ዓመት የማያንስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል፣ ከዚያ ውጭ ጥቂት የገንዘብ ነክ ወንጀሎች። በሌለበት የተፈረደበትም መጥሪያ ካልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካገደው፣ ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ይነሣልኝ ማለት ይችላል። ታዲያ ገና ላልተፈረደበት እንዲህ የተጠነቀቅን ሰዎች፣ ነፃ ለተባለው በይግባኝ ጊዜ በሩን የምንበረግደው ለምንድነው?

ይግባኙ ይሰማ። ግን መንግሥት ጠበቃ ሳያቆምለት አንድ ገጽ እንዳይገለጥ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይላል፤ ከሌለ ሰው በላይ አቅም የሌለው ማን አለ? ተገልብጦ ቢፈረድበትም፣ ሲመለስ ከቦሌ ቀጥታ ቃሊቲ አይውረድ። መጀመሪያ ችሎት ይቅረብና ቃሉን ይስጥ።