የልብ ጽሕፈት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ ጤና ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ምግብ፥ ስለ ውሃና ስለ ንጽሕና ነው። ዛሬ ግን በሐኪም ቤት ብዙ ሰው ስለሚፈራው አንድ መሣሪያ ልንናገር ወደናል። ይኸውም የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈው፥ ሐኪሞች ኤሌክትሮካርዲዮግራም፥ ባጭሩም ኢሲጂ የሚሉት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑን አክስታችን ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ ጾምና ቅዳሴ የማይታጐልባቸው ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ልባቸው ያለ ምክንያት እየተርገበገበ፥ ጥቂት ሲራመዱም ትንፋሽ እያጠራቸው ስለ ተቸገሩ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ በኢሲጂ እንዲታዩ ባዘዘ ጊዜ ግን ሽቦዎቹን አይተው ከዐልጋው ተነሡና፥ «ልጄ፥ ኤሌክትሪክ ሰውነቴ ውስጥ አይገባም፤ ጠበሌ ይበቃኛል» አሉን። እኛም ተማሪ የምናስተምር ሰዎች ስንሆን፥ «አይዞዎት፥ ምንም አይልዎትም» ከማለት በቀር ማስረጃ ያለው መልስ አልነበረንም፤ በዚህም አፈርን። መልሱን የሰጠቻቸው ሽቦውን የያዘችው ወጣት ነርስ ናት። «እማማ፥ እኛ ለእርስዎ የምንሰጠው ነገር የለም፤ የሚሰጡን እርስዎ ነዎት፤ እኛ የምንቀበል ብቻ ነን» አለቻቸው። አክስታችንም ጥቂት አስበው ተመልሰው ተኙ።

የነርሷ ቃል እውነት ነው። ልብ በሚመታበት ጊዜ ሁሉ ከራሱ ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣል፤ ያም ኀይል ጡንቻውን እየቀሰቀሰ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሄዳል። ከእርሱ ጥቂቱ በሰውነት ውስጥ ዐልፎ እስከ ቆዳ ይደርሳል። በቆዳ ላይ ሲለካ መጠኑ የአንድ ቮልት አንድ ሺኛ ያህል ነው። አንዲት የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ያላት መሆኗን ስናስብ፥ የልብ ድምፅ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደ ሆነ እንረዳለን። ስለዚህ የመሣሪያው ሥራ ኤሌክትሪክ መስደድ ሳይሆን ጆሮን አዘንብሎ ማዳመጥ ነው።

ይህን ዝቅተኛ ድምፅ መስማት ለሰው ልጅ ብዙ ድካም ጠይቆታል። በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስተስ ዎለር የተባለ ምሁር በለንደን ከተማ የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ ከሰውነት ውጭ ሆኖ መዘገበ። ጽሕፈቱ ግን ደብዛዛ ነበረ። ከእርሱ በኋላ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን፥ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ፥ በብርቱ ማግኔት መካከል ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር ወጥሮ፥ ክሩ በልብ ኀይል ሲወዛወዝ ጥላውን በፎቶግራፍ አነሣ። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚያንቀሳቅሱትም አምስት ሰዎች ነበሩ። በሽተኛው እጆቹንና እግሩን የጨው ውሃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። መሣሪያውን ወደ ሕሙማኑ መውሰድ ስላልተቻለ፥ በ1905 አይንትሆቨን 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ሆስፒታል የሕሙማኑን የልብ ምት በስልክ ሽቦ እየተቀበለ መረመረ። በ1924ም ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በወረቀቱ ላይ ለሚታዩት ኮረብታዎች ፒ፥ ኪው፥ አር፥ ኤስ፥ ቲ የሚሉትን የላቲን ፊደላት ያወጣላቸው እርሱው ነው። ፒ የተባለችው ትንሽ ጉብታ የላይኞቹ ሁለት የልብ ጓዳዎች መቀስቀሳቸውን ታመለክታለች። ኪው፥ አርና ኤስ በአንድነት ሆነው ሹል ተራራ የሚሠሩት የታችኞቹ ጓዳዎች ሲቀሰቀሱ ነው። ቲ ደግሞ እነዚሁ ጓዳዎች ለሚቀጥለው ምት መመለሳቸውን ትነግራለች። ወረቀቱ እንደ ልማዱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ፥ ከተራራ እስከ ተራራ ያለውን ርቀት የለካ ሰው የልብን አካሄድ ያውቃል።

በቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ይዘትን ከደረት፥ ጭረትን ከርክርክ ያልለየ ሰው ድጓውን ቢገልጥ ከፊደሉ በላይ የተበተኑ ሰረዞችንና ነጥቦችን ብቻ ያያል። መሪጌታው ግን ከዚያው ገጽ ዜማውን ይሰማል። ሐኪሙም በልብ ጽሕፈት ፊት እንዲሁ ነው።

ነገር ግን የአክስታችን የመጀመሪያ ወረቀት ሲወጣ ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። መሥመሩ ሁሉ እንደ እሾህ ሾልኮ፥ ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበረና አክስታችን በብርድና በፍርሃት ይንዘፈዘፉ ነበር፤ መሣሪያው የልባቸውን ብቻ ሳይሆን የጡንቻቸውንም ኤሌክትሪክ አብሮ ጽፎታል። ጋቢያቸውን ደርባላቸው ጥቂት አሳረፈቻቸውና ሁለተኛ ብታነሣ ጽሕፈቱ ጠርቶ ወጣ።

ከልብ ድምፅ ጋር የሚደባለቁት ሁከቶች ብዙ ናቸው። ትንፋሽ ደረትን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ መሥመሩን እንደ ማዕበል ያነሣዋል ይጥለዋል፤ ይህ ዝግተኛ ነው፥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል። ከግድግዳው የመብራት ሽቦ የሚመጣው ደግሞ በአገራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የጡንቻ መንቀጥቀጥ ሥርዐት የለውም። እያንዳንዱ የራሱ አረማመድ ስላለው፥ ሊቃውንት በስሌት ማጣሪያ እያበጁ ዝግተኛውንም ፈጣኑንም ይለያሉ። በ1985 ጂያፑ ፓንና ዊሊስ ቶምፕኪንስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ያሳተሙት ዘዴ የታወቀ ነው። በእርሱ መሠረት ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ሁከቱን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ዐቀበቱ ስለታም የሆነውን ይፈልጋል፤ ትልቁን ከትንሹ ይበልጥ አጕልቶ ከአንድ ወሰን በላይ ያለውን ምት ብሎ ይቈጥራል፤ ወሰኑንም እንደ ሰውየው ልብ ጠባይ እየለወጠ ያስተካክላል።

እዚህ ላይ የስንዴውንና የእንክርዳዱን ምሳሌ ማስታወስ ይገባናል። ባለቤቱ አገልጋዮቹን እንክርዳዱን እንዳይነቅሉ የከለከላቸው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል አስቦ ነው። በልብ ጽሕፈትም ይኸው አደጋ አለ። በኤስና በቲ መካከል ያለው መሥመር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የልብ የደም ሥር መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ይህ ምልክት እንደ ትንፋሽ ማዕበል ዝግተኛ ስለሆነ፥ ማዕበሉን ፈጽሜ አጠፋለሁ ብሎ ከመጠን ያለፈ ማጣሪያ ያደረገ ሰው ያለውን በሽታ ሊሰውር ወይም የሌለውን ሊያሳይ ይችላል። መልኩ ያማረ ጽሕፈት ሁሉ እውነተኛ አይደለም።

እንዲያውም እንክርዳድ የተባለው ስንዴ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታኩኦ አዎያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ በጆሮ ላይ ብርሃን እያሳለፈ ልብ የሚረጨውን ደም ሊለካ ሲደክም፥ የደም ሥር ምት ልኬቱን እያወከ አስቸገረው። ምቱን ሊያስወግድ ሲጣጣር፥ ያ ሁከት ራሱ በደም ውስጥ ስላለው ኦክሲጅን እንደሚናገር አስተዋለ። ዛሬ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያ የዚህ ማስተዋል ፍሬ ነው። ሆኖም ቤታቸው ይህ መለኪያ ያላቸው ወገኖቻችን አንድ ነገር ይወቁ። የቆዳ ጥቁረት ብርሃኑን ስለሚነካው፥ በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው መሣሪያው የጥቁር ሕሙማንን የኦክሲጅን ማነስ ሳያሳይ የቀረው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ መልካም ቢሆንም ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው፥ ቍጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ማመን ይገባል።

ወደ አክስታችን እንመለስ። በጠራው ወረቀት ላይ ፒ የምትባለው ጉብታ አልነበረችም፤ ከተራራ እስከ ተራራ ያለው ርቀትም አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ በወረቀቱ ራስጌ የጻፈውን ቃል ካነበበ በኋላ በዚያ አልበቃውም፤ እጃቸውን ይዞ የደም ሥራቸውን ምት ቈጠረ፥ ደረታቸውንም አዳመጠ። ከዚያም የላይኞቹ የልብ ጓዳዎች በሥርዐት ከመምታት ይልቅ እንደሚርገበገቡ፥ በዚያም ደም ሊረጋና ወደ አንጐል ሄዶ ሰውነትን ሊያሽመደምድ እንደሚችል አስረዳንና፥ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒት አዘዘላቸው። ያን ዕለት ከዐልጋው እንደ ተነሡ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ሁሉ ሳናውቅ በቀረን ነበር።

እንግዲህ ለምርመራው የታዘዘ ሰው አንደኛ፥ ሳይፈራ፥ ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ይተኛ፤ ከበረደውም ይናገር። ሁለተኛ፥ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ሦስተኛ፥ የወጣውን ወረቀት አይጣል፤ የዛሬው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይናገራልና። አራተኛ፥ ጽሕፈቱ የሚናገረው ስለ ተጻፈበት ጥቂት ጊዜ መሆኑን ይወቅ፤ ትናንት ደኅና ነው የተባለ ሰው ዛሬ ደረቱን ቢጨንቀው ወረቀቱን ተማምኖ አይቀመጥ፥ ፈጥኖ ይሂድ።

ጠበልንና ሐኪምን የሚያጣሉ ሰዎች መጽሐፈ ሲራክን በ38ኛው ምዕራፍ ይመልከቱ፤ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። አክስታችን ዛሬም ማልደው ወደ ጠበላቸው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ። የጾማቸውንም ነገር ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ወስነዋል። ያንን ወረቀት ግን ከዳዊታቸው ውስጥ አኑረውታል። ምን እንደሚል ማንበብ ባይችሉም፥ «የልቤ ጽሕፈት ነው» ይላሉ።

የልባችንን ምስጢር ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ለሐኪሞቻችን ማስተዋልን፥ ለሕሙማን ሁሉ ምሕረትን ይስጥልን። አሜን።