ከነጋድራስ እስከ ኮሚሽነር፦ የጉምሩክ መሪዎች ከየት መጡ?

ደብረ ማርቆስ፦ የጎጃም ገበሬ ባሕር ባያይም የወደብ ጉዳይ ማሳው ድረስ ይመጣበታል። ለጤፉና ለስንዴው የሚጨምረው የአፈር ማዳበሪያ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ይደርሰዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር በር የላትም፤ ወደ አገር የሚገባውን ዕቃ የመቆጣጠሩ ኃላፊነት ደግሞ በጉምሩክ ጫንቃ ላይ ነው። የዚህ ተቋም መሪ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም የከተማ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የገበሬም ጥያቄ ነው።

የቀድሞው የጉምሩክ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። በባሶ ገበያ ለነገዱት የጎጃም አባቶች ስሙ እንግዳ አልነበረም። ነጋድራስ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኛል። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ከዚህ ሹመት ተነሥተው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሚኒስትር ሆነዋል። በጀርመን አገር ሕክምና ያጠኑትና ስለ አገር ኢኮኖሚ የጻፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ የባቡር መስመሩ ተቆጣጣሪ ከሆኑ በኋላ የድሬዳዋን ጉምሩክ መርተዋል። አንዱ በንግድ ሹመት፣ ሌላው በትምህርት ወደ ወንበሩ ደርሰዋል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የፖለቲካ ሹመት ሚዛኑን ይደፋል። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 587 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ቀረጥ የመሰብሰብ፣ ወንጀል የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣንን በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። በግንቦት 2005 ዓ.ም. ዋና ዳይሬክተሩ መላኩ ፈንታና ምክትላቸው ገብረዋህድ ወልደጊዮርጊስ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። በ2011 ዓ.ም. ጉምሩክ ራሱን የቻለ ኮሚሽን ሆኖ ለገቢዎች ሚኒስቴር ተጠሪ ሲደረግ፣ ሚኒስትር ሆነው የመጡት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ቀደም ሲል የአዳማ ከንቲባ ነበሩ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሪው መነሻ ሥራውን የሚያይበትን ዓይን ይወስናል፤ ንግድ የሚያውቅ ሰው የዕቃን መዘግየት ያያል፣ ሕግ የተማረ ማስረጃን ያያል፣ ፖለቲከኛ የመንግሥትን ዕቅድ ያያል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢም መርማሪም ከሳሽም አንድ ቤት ሲሆን፣ መልካም ሰው እንኳ ለሐሜት ይጋለጣል። በ2008 ዓ.ም. የመክሰስ ሥልጣኑ ለፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መተላለፉ ከማንኛውም ሹም የትምህርት ማስረጃ ያላነሰ ክብደት ያለው ለዚህ ነው።

ለገበሬው ሚዛኑ ቀላል ነው። ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በፊት ደረሰ ወይ? በኮንትሮባንድ የሚገባው ጥራቱ ያልተረጋገጠ ፀረ አረም ኬላ ላይ ተያዘ ወይ? በሕግ የሚነግደውስ ያለ እጅ መንሻ አለፈ ወይ? ሹሙ ከየትም ይምጣ፣ የሚመዘነው በእነዚህ ነው።